የሰው እጅ ማየት

ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሥራ ከመያዝ በፊት አንድ ዓመት አገር ለአገር መዞር የፈረንጅ ልጆች ወግ ነው ይባላል። ነገሩ እኛ ዘንድ ሲነሣ ሁለት ዓይነት ሰው ያጋጥማል፤ አንዱ «የጥጋብ ጨዋታ ነው» ብሎ ያጣጥለዋል፣ ሌላው «እኛስ ከማን እናንሳለን?» ብሎ ሊቀዳው ይቸኩላል። የሚገርመው ሁለቱም ነገሩ ባዕድ መሆኑን አለመጠራጠራቸው ነው። ትምህርትንና መንገድን ያጋባ ሥርዓት በዚህ አገር ለብዙ ዘመናት ኖሯል፤ ዘመናዊው ዩኒቨርሲቲም በራሱ መላ ዐሥር ዓመት ያህል ሞክሮታል። ዛሬ ከውጭ ልንቀዳ የምንፈልገው የመንገዱን ቀላል ፊት ነው፤ መሄድን፣ ማየትን፣ ፎቶ ማንሣትን። ያስተምር የነበረው ግን ሌላው ፊቱ ነበር፤ መንገደኛው የሰው እጅ እያየ መኖሩ። እንደ እኔ አስተሳሰብ፣ የተማረ ሰው በማያውቀው አገር የሚያሳልፈው ዓመት ዕውቀት የሚሆነው ወይ እርሱ ከአገሬው የሚለምነው፣ ወይ አገሬው ከእርሱ የሚጠይቀው ነገር ሲኖር ነው። ሁለቱም ከሌሉ ሽርሽር ነው። ሽርሽርን አልጠላም፤ ትምህርት ተብሎ ሲጠራ ነው የማልቀበለው።

የቤተ ክርስቲያን ትምህርት በአንድ ግቢ ተጀምሮ በአንድ ግቢ አያልቅም። ድጓ የሚያስመሰክሩበት ቤተልሔም ጋይንት ውስጥ ነው፤ ዝማሬ መዋሥዕት ዙርአባ፣ ቅዳሴ ደብረ ዓባይ፣ አቋቋም ጎንደር፤ ቅኔው ደግሞ እንደየቤቱ ስልት ዋሸራ፣ ጎንጅ ወይም ዋድላ። ዕውቀቱ በአገሩ ላይ ተዘርቶ ስለሚገኝ ሊቅ መሆን የሚሻ ልጅ አስቀድሞ መንገደኛ መሆን ነበረበት። ከዋድላ ቅኔ ተምሮ ለቅዳሴ ወደ ደብረ ዓባይ የሚያቀና ተማሪ በላስታና በዋግ በኩል ቢያልፍ፣ ከሰቆጣ ደጋ ወርዶ የዝቋላን ቆላ ይረግጣል። (የሸዋውን ተራራ ማለቴ አይደለም፤ በዋግ ኽምራ ያለውን፣ ከተማው ፅፅቃ የሆነውን ወረዳ ነው።) ከዚያ ወዲያ የተከዜ ሸለቆ ነው። ደጋው ላይ ገብስ፣ ቆላው ላይ ማሽላ፤ ደጋው ላይ ብርድ፣ ቆላው ላይ ንዳድ። የሚያድርበት ቤት ደግሞ ምድጃ ዙሪያ የሚያወራው በኽምጣኛ ነው። ግእዝ ጠግቦ፣ ሰዋስው አገላብጦ የመጣው ልጅ እዚያ ደጃፍ ላይ ሲቆም አፍ እንዳልፈታ ሕፃን ነው።

የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የሚዞረው ቤሳ ስለሌለው ብቻ አልነበረም። ያለው ሰው ልጅም ጉባኤ ከገባ ይለምን ነበር። ይህን ትሕትና ለማስተማር ነው እንላለን፤ ልክ ነው፣ ነገር ግን ግማሹን ብቻ ይናገራል። ሌላው ግማሽ ዕውቀት ነው። የሚለምን ሰው የሚዞርበትን መንደር ማወቅ ግዱ ነው፤ የየትኛው ቤት ውሻ እንደሚናከስ፣ እመቤቲቱ ከገበያ መቼ እንደምትመለስ፣ የማን ቤት ሐዘን እንደተቀመጠ፣ የዘንድሮው አዝመራ እንዴት እንደ ሆነ። አኮፋዳው ራሱ መለኪያ ነው። ቁራሹ ሲያንስ፣ «እግዜር ይስጥህ» ብሎ የሚያሳልፍ ደጃፍ ሲበዛ፣ ተማሪው ያ አገር ወዴት እያመራ እንደ ሆነ ከማንም ቀድሞ ያውቃል። መንግሥት ግን በዚህ ፍጥነት አያውቅም ነበር። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ስለ ኢትዮጵያ ገጠር ለረኀብ መጋለጥ በጻፉት መጽሐፍ፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ በወሎ የደረሰው ረኀብ ወሬ ከታች ጽሕፈት ቤት ተነሥቶ ላይኛው ባለሥልጣን ዘንድ ለመድረስ ወራት ይፈጅ እንደነበር አሳይተዋል። ዋግ ያኔ ከወሎ አውራጃዎች አንዱ ነበር። በደብዳቤ ቁጥርና በማኅተም የሚሄደው ዕውቀት በየጠረጴዛው ሲያንቀላፋ፣ በአኮፋዳ የሚሄደው በዚያው ምሽት ይደርሳል። ማንም አልጠየቀውም እንጂ።

ይህ የእኛ ብቻ ብልሃት አይደለም። በጀርመን አገር ሙያውን የጨረሰ አናጺ ወይም ግንበኛ ለ3 ዓመት ከ1 ቀን ከቤቱ ወጥቶ እየሠራ የሚዞርበት ጥንታዊ ልማድ ዛሬም አልጠፋም። ከትውልድ ቦታው 50 ኪሎ ሜትር ውስጥ እንዳይደርስ ይከለከላል፤ ለመኝታና ለመጓጓዣም ገንዘብ አይከፍልም። ሁለተኛው ደንብ ከመጀመሪያው የበለጠ ብልህ ይመስለኛል። ርቀት ብቻውን ምንም አያስተምርም፤ ገንዘብ የያዘ ሰው ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆም የሚያገኘው የገዛውን አገልግሎት ነው። አልጋ ያከራየው ሰው ሊያስተምረው ግዴታ የለበትም፤ እንዲያውም ደስ የሚያሰኘውን ብቻ ማሳየት ነው ሥራው። አዳም ስሚዝ በፈረንጆች 1776 ባሳተመው ስለ አገሮች ሀብት በሚናገረው መጽሐፉ፣ የእንግሊዝ ባለጸጎች ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤት በኋላ ወደ ውጭ መስደዳቸውን ክፉኛ ነቅፏል፤ ልጁ ትዕቢተኛና ለቁም ነገር የማይመች ሆኖ ይመለሳል ይላል። ይህን የጻፈው ራሱ የአንድ ወጣት መስፍን ሞግዚት ሆኖ ፈረንሳይ አገር ሁለት ዓመት ገደማ የቆየ ሰው ነው፤ ስለዚህ ምስክርነቱ ይጸናል። የሳተው መድኃኒቱን ነው ባይ ነኝ። ልጁን ያበላሸው መንገዱ አይደለም፤ በመንገዱ ሁሉ ሳይለምን መክፈሉ ነው።

እዚህ ላይ ከዚያው ከተከዜ ወገን የሚነሣ ተቃውሞ አለ። በዘርዓ ያዕቆብ ስም የሚታወቀው ሐተታ እንደሚተርከው፣ ቅኔና ትርጓሜ የተማረው ሰው ከአክሱም ሸሽቶ በተከዜ ሸለቆ ዋሻ ውስጥ ሁለት ዓመት ብቻውን ሲቀመጥ ነው ሐሳቡን ያገኘው። (ድርሰቱ የማን ነው የሚለው ክርክር ከኮንቲ ሮሲኒ ጀምሮ መቶ ዓመት አልፎታል፤ ለእኔ ጉዳይ ግን የትረካው ቅርጽ ይበቃል።) ይህ ሰው የሚማረው ከማንም ሳይለምን፣ ከራሱ ልብና ከፈጣሪው ጋር እየተነጋገረ አይደለምን? ነው። ነገር ግን ታሪኩ ዋሻው ላይ አያልቅም። ሰውየው ወደ እንፍራዝ ወርዶ ባለጸጋው ሀብቱ ቤት ይጠጋል፤ የእጅ ጽሕፈቱ ሲታይ መጽሐፍ እንዲገለብጥ ይጠየቃል፣ ልጆች ያስተምራል፣ ያገባል፣ ያረጃል። በዋሻ የታሰበው ሐሳብ መጽሐፍ የሆነው የሰው ቤት ገብቶ፣ የሰው ልጅ አስተምሮ፣ ተማሪው ጻፍልን ሲለው ነው። ብቸኝነት ለሐሳብ ጥሩ አፈር መሆኑን አልክድም። ዛሬ «ራሴን ልፈልግ» ብሎ ለሚወጣ ተመራቂ ግን አንድ ነገር መታወስ አለበት፤ ዘርዓ ያዕቆብ ዋሻ የገባው ራሱን ሊፈልግ ሳይሆን ነፍሱን ሊያተርፍ ነው።

ወደ ዘመናችን እንምጣ። አንዳንዱ «የእኛ ተማሪ መች አገር አላየም? መንግሥት ከሰቆጣ አንሥቶ ጅማ፣ ከጅማ አንሥቶ ጎንደር ይመድበው የለም?» ይላል። ምደባው በእርግጥ በዓለም ላይ ብዙ አገር የማይደፍረው ነገር ነው፤ ወጣቱን ከአንድ ዳር ወደ ሌላው ዳር ያጓጉዛል። ይሁን እንጂ ግቢው አጥር አለው፤ ዶርሙ፣ ካፌው፣ ክሊኒኩ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ነው። ወጪውን በወጪ መጋራት ይፈርማል እንጂ ከከተማው ሕዝብ የሚጠይቀው አንዳች ነገር የለም። ሕዝቡም ከእርሱ የሚፈልገው የቤት ኪራይና የሻይ ሒሳብ ነው። አራት ዓመት ኖሮ በዚያ አገር ቋንቋ ውሃ መጠየቅ የማይችል ተመራቂ ስንት ነው? ቋንቋውን ያላወቀው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ ጠምቶት ስለማያውቅ ነው። በ2012 ዓ.ም. በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ግጭት ሲነሣ ተማሪው ሻንጣውን ይዞ ወደ መናኸሪያ የሮጠው ለዓመታት በኖረበት ከተማ የሚሸሸግበት የአንድ ሰው ቤት ስላልነበረው ነው፤ ቢያንስ አንዱ ምክንያት ይህ ነበር። የቆሎ ተማሪ ግን በአንድ መንደር ውስጥ የሚያውቀው ደጃፍ ሃያና ሠላሳ ነው፤ አንዱ ቢዘጋበት ሌላው ይከፈትለታል።

ዘመናዊ ትምህርት ይህን ሁሉ ጨርሶ አልረሳውም ነበር። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎትን ጀመረ፤ ተማሪው አብዛኛውን ጊዜ ሦስተኛ ዓመቱን ጨርሶ አንድ ዓመት ጠቅላይ ግዛት ወርዶ ያገለግላል፣ ብዙው በአስተማሪነት፤ ያን ሳያደርግ ዲግሪ አያገኝም። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የአሜሪካ የሰላም ጓድ ሦስት መቶ የሚጠጉ ወጣት ምሩቃን ልኮ በየአውራጃው ትምህርት ቤት አሰማርቶ ነበር። ወሊሶ ያስተምር የነበረው ፖል ሶንጋስ በኋላ በአገሩ ሴናተር ሆኗል፣ በፈረንጆች 1992 ለፕሬዚዳንትነት ለመወዳደርም ቀርቧል። እንግዲህ የእነርሱ ምሩቅ የመንገድ ዓመቱን እኛ አገር ሲያሳልፍ የእኛው ምሩቅ አገሩን አለማየቱ የሚያሳፍር ነበር፤ አገልግሎቱ ያን ሞላ። ጥበቡ ግን ተማሪውን መላኩ ላይ ብቻ አልነበረም። ዓመቱ ከምረቃ በፊት መሆኑ ነው። ሄዶ ያየውን ይዞ ለመጨረሻው ዓመት ወደ ክፍል ይመለሳል፤ መምህሩ ስለ መሬት ይዞታ ሲያስተምር ተማሪው የጭሰኛ ልጅ አስተምሮ የመጣ ነው። የቆሎ ተማሪውም መንገድ በሁለት ጉባኤዎች መካከል እንጂ ከጉባኤው በኋላ አልነበረም። ከምረቃ በኋላ የሚመጣ የጉዞ ዓመት የሚመለስበት ክፍል የለውም፤ ያመጣውን ጥያቄ የሚሰማው ማንም የለም።  

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ዘመቻው ነው። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ደርግ 60,000 ገደማ ተማሪዎችንና መምህራንን በእድገት በኅብረት ስም ወደ ገጠር አዘመተ። «ተማሪን በግዴታ ገጠር ማውረድ ምን እንዳመጣ አይተናል» የሚል ሰው አይሳሳትም፤ ከዘመቱት መካከል ያልተመለሱ አሉ፣ የተመለሱትም ብዙዎቹ ከፊታቸው የሚጠብቃቸው ቀይ ሽብር ነበር። የመሬት አዋጁ በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲታወጅ ወደ ገበሬው ያደረሱት እግሮች የዘማቾቹ መሆናቸው ግን አብሮ ይነገር። ለእኔ የዘመቻው ስሕተት ግዴታው ብቻ አይደለም፤ የዩኒቨርሲቲው አገልግሎትም ግዴታ ነበረ። ስሕተቱ ዘማቹ መልሱን ከአዲስ አበባ ተሸክሞ መውረዱ ነው። ሊያነቃ የሄደ ሰው የተኛውን ይፈልጋል እንጂ የሚያውቀውን አይጠይቅም። ገበሬው ደግሞ በሬውንና ሰማዩን ካወቀ ሰንብቷል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚባለው ተረት ለደብተራ የተነገረ ቢሆንም ለዘማቹም ይሠራል፤ ለዛሬው ሥልጠና ሰጪም እንደዚሁ። ሰላም ሚኒስቴር በቅርብ ዓመታት ወጣት ምሩቃንን ከመጡበት ክልል ውጭ በበጎ ፈቃድ የሚያሰማራበት መርሐ ግብር የሚመዘነው በዚሁ ሚዛን ነው፤ ወጣቱ የሚሄደው አንድነትን ሊሰብክ ነው ወይስ የሚጠይቀው ሰው ሊያገኝ?

ሌላው ተቃውሞ የሚመጣው ከአስተናጋጁ ወገን ነው፤ እኔም ከሁሉ የማከብረው ይህንኑ ነው። ዋግ ኽምራ ላይ ቆሞ ስለ ልመና በጎነት መጻፍ ድፍረት ይሆናል። የመቀንጨርን ችግር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስወገድ መንግሥት በ2007 ዓ.ም. ያወጣው እቅድ የሰቆጣ ቃል ኪዳን ተብሎ የተሰየመው ያለ ምክንያት አይደለም። ከሰሜኑ ጦርነት ወዲህ ሰቆጣ ተፈናቃይ አስጠግታለች፤ በ2015ና በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ድርቁ ዝቋላን፣ ሰሀላንና አበርገሌን መታ። በእንዲህ ያለ ዓመት እዚያ ሄዶ የሰው ሞሰብ መጠበቅ ነውር ነው፤ ስንቁን ይዞ ይሂድ፣ ወይም አይሂድ። ይሁን እንጂ የጥንቱ ሥርዓት ይህን ችግር ያላወቀ አልነበረም። ተማሪው ከአንድ ቤት ጠግቦ አይበላም፤ ከብዙ ደጃፍ ቁራሽ ቁራሽ ይሰበስባል፣ ሸክሙ በመንደሩ ላይ ይከፈላል። በምትኩም ደብዳቤ ያነባል፣ ይጽፋል፣ ሙት ዓመት ሲደርስ በማሕሌቱ ይቆማል። የዛሬው ተመራቂ ቁራሽ መለመን አያስፈልገውም፤ የሚለምነው ሌላ ብዙ ነገር አለ። የቋንቋ ምሩቅ ኽምጣኛን ከአሮጊቶቹ መለመን አለበት፤ መጽሐፍ ሊሰጠው አይችልም። የግብርና ምሩቅ ዝናብ ሲዘገይ የትኛውን የማሽላ ዘር እንደሚዘሩ ከዝቋላ ገበሬ ይጠይቅ፤ ሰቆጣ ያለው የደረቅ ምድር ግብርና ምርምር ማዕከል ውስጥ የሚሠራው ባለሙያም ያለ ገበሬው ማሳ የትም አይደርስም። የሒሳብ አያያዝ ምሩቅ ደግሞ የሚጠየቀው አለው። የተከዜ ግድብ 188 ሜትር ቆሞ ውሃውን ወደ ኋላ ሲያስተኛ፣ በሸለቆ እርሻና ፍየል የሚኖረው አገር ድንገት የዓሣ አገር ሆነ፤ ወጣቶች ተደራጅተው ዓሣ ያሰግራሉ። ዓሣው ቶሎ ይበላሻል፣ ገበያው ሩቅ ነው፣ የማኅበሩ መዝገብ የሚይዘው ሰው ይፈልጋል። ለዚህ አንድ ዓመት አይበዛም።

ስለ ሴቶች ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። የቆሎ ተማሪው መንገድ የወንድ መንገድ ነበር፤ ያወደስኩት ሥርዓት የሕዝቡን ግማሽ በር ላይ አስቀርቶታል። የጎጃሟ የቅኔ መምህር እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይነ ስውር ሆነው ቅኔን የተማሩት ከአባታቸው ዘንድ ነው፤ በኋላ ተማሪው ነው ወደ እርሳቸው የሄደው። እንዲህ ያለ አእምሮ ሳይዞር ሊቅ መሆኑ የእኔን ክርክር ያዳክማል ሊባል ይችላል፤ እኔ ግን አባቱ ሊቅ ያልሆነች ልጅ ምን ሆነች ብዬ እጠይቃለሁ። ዛሬም ለአንዲት ምሩቅ ብቻዋን ተከዜ ድረስ ውረጂ ማለት በቀላሉ የሚነገር ነገር አይደለም። የጸጥታው ጉዳይ ደግሞ ወንድ ሴት አይለይም፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል መንገድ መውጣት ለነዋሪውም ፈተና ሆኗል። ይህን ለማይክድ ሰው የቀረው መልስ አጭር ነው፤ ብቻውን የሚዞር ጀብደኛ ሳይሆን ተቋም የላከው፣ ወረዳ የጠራው፣ ቤት የተቀበለው ወጣት ያስፈልጋል፤ መንገዱ እስኪከፈትም መጠበቅ አለ።

«ቤተሰቡ የመጀመሪያውን ደመወዝ ሲጠብቅ አንድ ዓመት ማባከን ግፍ ነው» የሚለውን መጨረሻ ላይ የተውኩት ሚዛኑን የሚደፋ መስሎኝ ስለቆየ ነው። እናት ወርቋን ሸጣ ያስተማረችው ልጅ «አገር ልዞር ነው» ቢል ምን ትላለች? ነገር ግን ያ ዓመት አሁንም እየባከነ ነው። የመውጫ ፈተናውን አልፎ፣ ጋውኑን ለብሶ ፎቶ ተነሥቶ፣ ከዚያ በኋላ ማስታወቂያ ሰሌዳ እያነበበ፣ ሲቪ እያባዛ ቤት የሚቀመጠው ወጣት በየከተማው አለ። እርሱም እየለመነ ነው፤ የሞባይል ካርድ፣ የታክሲ፣ የሻይ። ልዩነቱ የሚለምነው እምቢ ልትለው ከማትችለው እናቱ መሆኑ ነው። ከማያውቁት ሰው መለመን ሰውን ያስተምራል፤ ከእናት መለመን ያሸማቅቃል እንጂ ምንም አይጨምርም። ስለዚህ ክርክሩ አንድ ዓመት ይሰጥ አይሰጥ የሚል አይደለም፤ ዓመቱ ተሰጥቷል፣ የት ይዋል ነው ጥያቄው።

የዩኒቨርሲቲ ሴኔቶች ይህን በእጃቸው ይዘዋል። ዓመቱን ከምረቃ በኋላ ሳይሆን ከመጨረሻው ዓመት በፊት ያስገቡት፤ ተማሪው የሚሄድበትን ሥራ ዩኒቨርሲቲው ሳይሆን ወረዳው ይጻፍ፤ ዓመቱን መጨረሱን የሚያረጋግጠውን ወረቀትም ያስተናገደው ቀበሌ ይፈርም።